አባቴን «ሂ» ያልኩ ቀን

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በሰፈራችን ከእኔ በላይ እንግሊዝኛ አዋቂ የለም ብዬ አምን ነበር። ሰፈሩም፣ ምስኪን፣ አምኖልኝ ነበር። ስለዚህ የሳጉሬ እህል ነጋዴው አባቴ ሆዳቸውን ሲያማቸው ሰንብተው አሰላ ዳር ወዳለ ክሊኒክ፣ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ጊዜው ትልቅ ትንሹ «ጓድ» የሚባልበት ነው። እቤት ግን አባቴን «እሱ» ማለት ማን ደፍሮ! እንግሊዝኛው «ሂ» እንደሚል አላጣሁትም፤ ፈተና ላይ ስንቴ ከብቤዋለሁ። ግን አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው «ሂ»? እንደ ሰፈር ውርጋጥ? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ አከበርኳቸው፣ አበዛኋቸው። «ዘይ» እንቅልፍ የላቸውም፣ «ዘይ» ያስመልሳቸዋል እያልኩ ለሐኪሙ አወራሁለት።

ሐኪሙ ደነገጠ። ስንት ናቸው? ምን በልተው ነው? እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝና ላልገባኝ ሁሉ «የስ» እላለሁ። አባቴ ሕመማቸውን ችለው ቀጥ ብለው ስለተቀመጡ ሰውየው የበሽተኞቹ ተወካይ አድርጓቸዋል። በመጨረሻ ሁሉንም አምጣቸው አለኝ።

«ማል ጄዴ? ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ቤተሰቡ በሙሉ ይምጣ ነው የሚለው።»

«እንዴ! የእኔ ሆድ ከልጆች ጋር ምን አገናኘው?»

«የፈረንጅ ሕክምና እንደዚህ ነው» አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ።

በማግስቱ እናቴ ሁላችንንም የበዓል ልብስ አልብሳ ክሊኒኩ ውስጥ አሰለፈችን። ሐኪሙ የእያንዳንዳችንን ሆድ ጫን ጫን እያደረገ አየ። አባቴ እንደ ወጉ «ልጆቹ ይቅደሙ» እያሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲሉ በር ላይ ደረሱ። እናቴ የወስፋት ኪኒን ተቀብላ ስታመሰግን እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሐኪሙ ጨርሻለሁ ብሎ እጁን እየታጠበ ነው።

ያኔ ጮህኩ። አባቴን በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ወይ ድፍረት! «ሂ! ሂ ኢዝ ሲክ! ኦንሊ ሂ!»

ሐኪሙ ሮጦ ደግፎ አስገባቸው። ተኝተው ታከሙ፣ ዳኑም። እኔ ግን ያን ዕለት በሩ ላይ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን «እሳቸው» ስላቸው አባቴ የሚሞቱ መስሎኝ አያውቅም ነበር። «ሂ» ስል ግን መሬት ላይ የተቀመጠ፣ የታመመ አንድ ሰው አየሁ። ሊሞትብኝ ነው ብዬ፣ በበዓል ልብሴ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።