ትርፍ ክራር

ሁለት ክራር ነበረኝ። ይህን ዛሬም የምናገረው አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ውስጥ፣ ሁለት ነገር ያለው ሰው ስለ አንዱ ይጠየቅ ነበር። ሁለት ቤት ያለው አንዱን ተወርሷል። የእኔ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ የምተዳደርበት የልብስ ስፌት መኪና፣ አልጋ፣ እናቴና እኔ። ግድግዳው ላይ ግን ሁለት ክራር ተሰቅሎ ነበር።

አንደኛዋ ለትዝታ፣ ሁለተኛዋ ለአንቺ ሆዬ የተቃኙ ናቸው። በአንድ ክራር ሁለቱንም ቅኝት መጫወት ይቻላል፤ የቻለ ይቻለው። በእኛ አገር ሙቀት ጅማት ይደርቃል፤ ዛሬ ሲያጠብቁት ነገ ሲያላሉት ይበጠሳል። ስለዚህ ትዝታዬን በጅማት ትቼ፣ ሌላዋን ከዝዋይ አጥማጆች በገዛሁት የዓሣ መረብ ክር ወጠርኳት። አውታሮቹ የሚያርፉባትን ብርኩማም ራሴ ጠርቤ ዝቅ አደረግኩላት። ያ ክር ከፍ ያለ ብርኩማ ላይ ሲሆን ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ። ለኪነት ቡድኑ ክራር ፈልጎ ነው።

«ጓዲት፣ አንዷ ትርፍ ናት» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ካደረጉት ጫማ ትርፉ የግራው ነው የቀኙ?»

አንደኛው ጠባቂ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አንቺ ሆዬን ከምስማሯ አወረዳት።

እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው እየተወሰደ ስለ እንጨት ትከራከሪያለሽ?»

እውነቷን ነበር። ከሰፈራችን ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። «ክራሯን ትወስዳላችሁ፣ ክሩ ግን የእኔ ነው» ብዬ ከእጁ ተቀበልኩት። ስድስቱንም አውታር ፈታሁ፣ ብርኩማዋን ነቀልኩ፣ ራቁቷን መልሼ አስታቀፍኩት። ምን እንደጎደለባት ስላልገባው ይዟት ሄደ።

ቀበሌ ስትደርስ የመንግሥት ንብረት ተብላ አውታሮቹ በሚጠመጠሙበት ቀንበሯ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈባት። የኪነቱ ልጆች ደግሞ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጠሩባት። ከበሮና አኮርዲዮን የለመዱ ናቸው፤ ሲጠብቅ ሁሉ የሚያምር ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ከቀበሌው አጠገብ ሳልፍ ድምጿን ሰምቼ ጥርሴን አመመኝ። በመስኮት ሳያት ሽቦው ቆዳዋን አሰርጉዶት ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ በንዴት።

ዝዋይ ላይ የከተሞቹ ኪነት ቡድኖች ሊወዳደሩ ሲሉ ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ብቻውን ነው፤ ክራሯን እንደታመመ ልጅ ታቅፏታል።

«እባክሽ ጓዲት፣ አታዋርጅን።»

«እቃኛታለሁ። ግን እዚሁ ቤቴ ነው፤ ከተቃኘች በኋላም እዚሁ ነው የምታድረው። ዝዋይም ይዣት የምሄደውና የምጫወትባት እኔ ነኝ። ክራር የተቃኘበትን ቤት ከለቀቀ ቅኝቱ ይሸሻል።»

ግማሹ እውነት ነው፤ ክራር ከቤት ቤት ሲዞር አውታሩ ይላላል። ግማሹን እኔ ጨመርኩበት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሳቋ እንዳይታይባት ነው።

«ይሁን» አለ።

ሽቦውን ፈትቼ ክሯንና ብርኩማዋን መለስኩላት። ዝዋይ ላይ ሁለቱንም ይዤ ከቡድናችን ጋር መድረክ ወጣሁ። የሌላው ከተማ ክራር መቺ ቅኝት ሲቀይር ዘፋኙ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሕዝቡም ማጉረምረም ይጀምራል። እኔ ትዝታን አስቀምጬ አንቺ ሆዬን አነሳሁ፣ አለቀ። ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀምጦ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። የትኛዋ ትርፍ እንደሆነች ልጠይቀው ምላሴን በላኝ።

ናዝሬት ስንመለስ ሁለቱን በሁለት ትከሻዬ አንግቤ በቀበሌው በር ፊት ለፊት አለፍኩ። የጓሮ መንገድ ነበር፤ አልሄድኩበትም። ማንም አላስቆመኝም።

ሊቀመንበሩም ዘመኑም አለፉ። ቀዩ ቁጥር ግን ዛሬም ቀንበሯ ላይ አለ። «ለምን አትፍቂውም?» ይሉኛል። አልፍቀውም። መወሰዷን እሱ ይመስክር፤ መመለሷን እኔ እየተጫወትኩ እነግራችኋለሁ።