የሚቀዳውና የሚከፍተው

እርሳስ አቅልጦ የጥይት አረር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የቀለጠውን እርሳስ ከድስቱ በጭልፋ ይቀዳል። ሌላው አረሩ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ፎርማ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲሞላለት ትንሽ ያቆየውና ከፍቶ አረሩን በታጠፈ አሮጌ ጋቢ ላይ ይጥለዋል። ብቻቸውን የሚሠሩ አሉ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። በእኛ ዘንድ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ የሚከፍተው ጓደኛዬ።

ጠመንጃው የአባቴ ነበር፤ አፈሙዙ አውራ ጣት የሚያስገባ የአደን ጠመንጃ። ጥይቱ ከገበያ ስለጠፋ ነው አረሩን ራሳችን ማቅለጥ የጀመርነው። ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን እርሳስ ከጎሚስታ ቤት እየለቃቀምን አቅልጠን ጎሽ ፍለጋ ቆላ እንወርድ ነበር። አሁን የአደን ፈቃዱም ጉልበታችንም አልቋል። ጠመንጃውንም ለመንግሥት አስረክቤዋለሁ። የቀረን ፎርማውና አንድ የወተት ቆርቆሮ አረር ነው።

ማቅለጡን ግን አልተውንም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያምናውን አረር ድስት ውስጥ እንጨምርና አቅልጠን መልሰን አረር እናደርገዋለን። የጓደኛዬ ሚስት፣ “ያንኑ እርሳስ ነው እኮ የምታገላብጡት!” እያለች ትስቅብናለች። እውነቷን ነው። ሙያ እንዳይጠፋ ነው እንላታለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግን ዓመቱን ሙሉ በጉጉት የምጠብቀው ያችን አንዲት ቀን ሆኗል፤ ያቺ ቀን ከቀረችብኝ ምንም የለኝም።

ዘንድሮም ደወልኩለት። ቅዳሜ ጠዋት ና አልኩት።

“እንዴ፣ እመጣለሁ እንጂ! ፎርማዬን እንዳትነካ ብቻ” አለኝ።

ፎርማው የእኔ ነው። እሱ ደግሞ “የእኔ ነው” ይላል። በዚህ ስንጨቃጨቅ አርጅተናል።

ቅዳሜ ሰሚት ባለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ በግ በሚታረድበትና ለቅሶ በምንቀመጥበት የጋራ ቤት ጀርባ ከሰል አቀጣጠልኩ። ሁለት ዱካ አወጣሁ። ጋቢውን አጥፌ መሬት ላይ አነጠፍኩ። እርሳሱ ቀለጠ፣ እሱ ግን አልመጣም። ስደውል ሚስቱ አነሳች።

“ረስቶት ነው፣ ወንድሜ። ሰሞኑን ብዙ ነገር ይረሳል። አንዳንዴ እኔንም…”

አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ብቻዬን ጀመርኩ። እርሳሱ እንዲጠራ የጧፍ ቁራጭ ጣልኩበት፣ የተንሳፈፈውን እድፍ ገፈፍኩ፣ ፎርማውን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ቀዳሁ። ጭልፋውን እስካስቀምጥ፣ ፎርማውን እስክከፍት፣ መልሼ እስክዘጋ ፎርማው ይቀዘቅዛል። በቀዘቀዘ ፎርማ የተቀዳ እርሳስ ደግሞ ይጨማደዳል። የወጣው አረር ሁሉ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት መሰለ። ጓደኛዬ የፎርማውን ጥግ እርሳሱ ውስጥ እየነከረ ያሞቀው ነበር። ምን ያህል እንደሚያቆየው ጠይቄው አላውቅም። እሱ እያለ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ይሄኔ ከላይ ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ጭሱን፣ የተነጠፈውን ጋቢና አንገቴን ደፍቼ መቀመጤን ከመስኮቷ አይታ ኖሯል።

“እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ። ማን አርፎብዎት ነው?”

“ማንም አልሞተም” አልኳት።

“ውይ! አፌ ቁርጥ ይበል!” ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ሮጠች። መሳቅ አማረኝ፣ ግን አብሮኝ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ባዶውን ዱካ አየሁት። ማንም ካልሞተ እዚህ ምን ጎለተኝ? ከሰሉን አጠፋሁ፣ ፎርማው እስኪበርድ ጠብቄ ከአንድ የተጨማደደ አረር ጋር በጋቢው ጠቀለልኩና በታክሲ አያት ሰፈር ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ።

ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

“ይግቡ፣ ይግቡ። ይቀመጡ” አለኝ።

ዕድሜውን ሙሉ “አንተ ሽማግሌ” ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። አረሩን ከጋቢው አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አገላበጠው፣ ጥፍሩን በጭምድዱ ላይ አስኬደው።

“ፎርማው ቀዝቅዞብዎታል። ድስቱ ውስጥ ይመልሱት” አለ።

ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም። ፎርማውን ቶሎ ብዬ አውጥቼ ሰጠሁት። “እንግዲያው ይያዙልኝ፣ እኔ እቀዳለሁ። እዚሁ እናቅልጠው!”

ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ከዚያ እኔ ከማልደርስበት ከወዲያኛው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ከሌላ ሰው ጋር አላቀልጥም። የሚቀዳልኝ ጓደኛ አለኝ። ሰሚት ነው ቤቱ፤ ለዛሬ ተቀጣጥረናል። እሱ ሳይመጣ ብጀምር ያኮርፈኛል፣ ኩርፊያ ይወዳል።”

በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። በእጄ ምልክት ከለከልኳት።

“ይመጣል ይላሉ?” አልኩት።

“ቀርቶ አያውቅም።”

“እንግዲያው አብሬዎት ልጠብቀው” አልኩና ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ። ፎርማው ጉልበቱ ላይ እንዳለ፣ ዓይናችንን የግቢው በር ላይ ጥለን፣ ሁለታችንም እስኪመሽ እኔን ጠበቅን።