ቆቦ ላይ ምሳ የት ይበላል?

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለወንድሜም አልነገርኩትም። መሪ ጨብጬ ባሳለፍኩት ዕድሜ ከጎኔ ከተቀመጠ ሰው ሁሉ ጋር ስንቱን አውርቻለሁ፤ ይህን ግን ውጬው ኖርኩ። አሁን ደከመኝ። እናንተ አታውቁኝም፣ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ከደሴ መቀሌ አውቶብስ እነዳለሁ። ምሳ ቆቦ ነው። አገሩን የማያውቅ ተሳፋሪ ሾፌሩ ያወረደው ቤት ገብቶ ይበላል፣ ሌላ ምን ያድርግ?

ለዓመታት የማወርደው እትዬ ሰዓዳ ቤት ነበር። የማሽላ እንጀራ፣ የፍየል ቅቅል፣ በቃ። ጥግ ላይ የእኔ መደብ አለች፤ ገና ሳልቀመጥ የእጅ ውሃ ይመጣልኛል። በኋላ ጦይባ ከአስፓልቱ ማዶ ቤት ከፈተች። ጦይባ የዋጃ ልጅ ናት፣ ተጎራብተን ነው ያደግነው። ሳዑዲ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ ወገቧን ታማ ተመለሰች። እዚያ የለመደችውን የአረብ ምግብ ከእኛው ጋር ቀላቀለችው፤ በሩዝ ፋንታ የማሽላ ቅንጬ በሄልና በቅርንፉድ ታበስላለች፣ የፍየል ሥጋ ከላዩ ትጥልበታለች። «ይቺ ቤት ከያዘችልኝ ሁለተኛ አልሰደድም። ካልሆነ ግን ሌላ መላ የለኝም» ብላኛለች፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቤቷን የከፈተች ዕለት አባቷ ቢስሚላህ ብለው ፍየሉን ሲያርዱ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ! ከዚያ ወዲህም የሚያርዱላት እሳቸው እንደሆኑ አሳምሬ አውቃለሁ።

«አንድ ቀን ብቻ ሰው አውርድልኝ፣ ይቅመሱት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ አሁንም እሺ አልኳት። እሺ ማለት ለኔ ምኔ ነው?

አንድ ቀን በመጨረሻ በሯ ላይ አቆምኩ። ጎብዬ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ በዚያ ፀሐይ ስታገል ቆይቼ ዝዬ ነበር የደረስኩት። አንድ ከዘራ የያዙ አባት ወረዱና የእሷን ቤት አዩ፣ ማዶውንም አዩ። «ልጄ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻለናል? የዚህ ቤት ሥጋ ሐላል ነው?» አሉኝ። ተሳፋሪው በሙሉ አፍ አፌን ያየኛል። እኔ ደግሞ መደቤ ናፈቀችኝ። ቅንጬው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳረደው፣ ይህን ሁሉ ማስረዳት ታከተኝ።

«እኔ እንጃ አባባ። ማን እንዳረደው አላውቅም» አልኩ።

ምላሴን በቆረጠው! ሁሉም ዞረው አስፓልቱን ተሻገሩ። ጦይባ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ሰማች ይሆን? ቀና ብዬ አላየኋትም። የዚያን ቀን ደህና አድርጌ በላሁ።

ጠልቻት ነው? አልጠላኋትም። ጥቅም አግኝቼ ነው? በሁለቱም ቤት ሾፌር የበላበትን አይከፍልም። መደቤን ብዬ ነው፣ ይኸው ነው። በሳምንቱ ሌሎቹ ሾፌሮች «የጦይባ ሥጋ አይታወቅም አሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ እንኳ «ውሸት ነው፣ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ትከሻዬን ሰብቄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አስተግፊሩላህ! የመጀመሪያውን ድካም አናገረኝ ልበል። ሁለተኛውን ምን ልበለው?

ከዚያ ወዲህ በሯ ላይ መኪና አልቆመም። ብዙም ሳይቆይ ቤቷ ተዘጋ።

አንድ ቀን ከመቀሌ ስመለስ ቆቦ ላይ አንዲት ሻንጣ ይዛ ተሳፈረች። አባቷ ሸኟት። መንገዱን ሙሉ ወገቧን ይዛ ከኋላዬ ተቀመጠች። የምትሄድበትን አልጠየቅኳትም፣ አውቀዋለሁ። ደሴ ስንደርስ በፌስታል የተቋጠረ ምግብ አቀበለችኝ።

«ብላ። ያረደው አባዬ ነው» አለችኝ። «እግሩን ስትይዝለት አልነበር? አትጠራጠር።»

አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን በወደድኩ። ሻንጣዋን አንስታ ወደ ሌላ መኪና ሄደች።

ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ፌስታሉን ፈታሁት። ቤቷን የከፈተች ዕለት እንኳ ሳልበላ ነበር የሄድኩት፤ ምግቧን ስቀምስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ይጣፍጣል፤ እያለቀስኩ ጨረስኩት።

ዛሬም ሪያድ የሰው ቤት ታጥባለች፣ በዚያ ወገቧ። አውፍ በይኝ ብዬ አልደወልኩላትም፣ ምን ብዬ? ደክሞኝ ነበር እንዳልላት፣ እሷም ደክሟት ነበር።