ጥፍር ላይ የሚሽከረከር ፍላጻ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ላባ መለየት ነበር። ጋሼ መኳንንት ከሐይቁ ዳርቻ የተለቀመ ላባ በሰፌድ ሙሉ አቀረቡልኝና፣ «የግራ ክንፉን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ» አሉኝ። አንድ ፍላጻ ላይ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አካሄዱ ይበላሻል። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ቃል ሳልናገር ለየሁ። እሳቸውም አልተናገሩም። እዚህ ቤት መሥራት እንደምችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ ለቃለ መጠይቅ በተቀመጥሁ ቁጥር ድምፄ ይጠፋብኝ ነበር። ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው የጋሼ መኳንንት የቆዳና የፍላጻ ሱቅ የገባሁት የአባቴን ቀበቶ ላስጠግን ነው። ቀበቶው ወደ ቤት ተመለሰ፤ እኔ ቀረሁ። ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ፣ «ሰናይት፣ ጦሩ መቼ ይዘምታል?» እያሉ ይስቁብኛል።

የፍላጻ መያዣው አፎት ይባላል። የሚሰፋው ቆዳው እርጥብ ሳለ ነው። በእንጨት ቅርጽ ላይ ጠቅልለን፣ በወስፌ እየበሳን በጅማት እንሰፋዋለን፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ታቹ ላይ ወፍራም የበሬ ቆዳ ይገባል፣ የፍላጻው ጫፍ እንዳይበሳው። ይህን ቶሎ ለመድሁ።

ፍላጻው ግን አስቸገረኝ። የክትክታ ዘንግ ተልጦ ይደርቃል፤ ከዚያ ጎባጣውን በፍም እያሞቁ በእጅ ማቃናት ነው። መቃናቱን ለማወቅ ጀማሪ ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አቁሞ ያሽከረክረዋል። ቀና ከሆነ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ጎባጣ ከሆነ ጥፍሩን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ባለሙያ ግን ወደ መስኮቱ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፣ በቃ። ጋሼ፣ «ጥፍር የተማሪ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ስለ መምህራቸው አጫወቱኝ። «ጎባጣውን ዘንግ ቀና ነው ያለ ዕለት ቢላዋውን ወልውሎ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ዓይኑ የደከመ ሰው ፍላጻ አይሠራም።» ቀጥለውም፣ «እኔ ስሰቅል የት እውል ይሆን?» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው የሚገቡት ለመተኛት ብቻ ነበር።

አምና ሰይድ አንድ ፍላጻ ይዞ መጣ። ሰይድ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በሐይቁ ዳር ወጣቶችን ቀስት ያስተምራል።

«ጋሼ፣ ይቺ ፍላጻ ውኃ ጠምቷታል። በለቀቅኋት ቁጥር ወደ ጣና ትሄዳለች።»

«ቁርስህን ብላ! የሚንቀጠቀጠው እጅህ ነው» አሉት። ወደ መስኮቱ አንሥተው አይዋት። «ቀጥ ያለች ናት።»

ጉብጠቷ ከቆምሁበት ይታየኝ ነበር። ሰይድ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። «እሺ ጋሼ» አለና ያዘዛቸው አዲስ ፍላጻዎች ለቅዳሜ እንዲደርሱለት ለምኖ ወጣ።

ጋሼ ለምሳ ሲወጡ በዚያ ሳምንት ቀና ናቸው ብለው ያሳለፏቸውን ፍላጻዎች አንድ በአንድ አሽከረከርሁ። ብዙዎቹ ጥፍሬን ነካኩት። እንዲህ ሆነው አይሰጡም፤ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚማሩባቸው። በድብቅ ላቃናቸው ፍም አቀረብሁ፤ ግን በእሳቸው ሥራ ላይ ከጀርባቸው መሥራት ከበደኝ፣ ተውሁት። ብነግራቸው ደግሞ ቢላዋውን ይሰቅሉታል።

በማግሥቱ ከፍላጻዎቹ አንዱን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስለማመደው ያደርሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ይህን በጥፍርዎ ይዩልኝ።»

«ጥፍር የተማሪ ነው ብዬሽ የለም?»

«እኔ ተማሪ ነኝ።»

«እኔስ?»

ፍላጻውን ዘረጋሁላቸው። ተቀብለው አሽከረከሩት። ጠቅ ጠቅ ሲል ለእኔም ተሰማኝ። ሌላ አነሡ፤ ሌላም። ከዚያ ጨርቅ ፈልገው ቢላዋቸውን መወልወል ጀመሩ።

«ጋሼ፣ የእኔ ዓይን ጥፍርዎን አያህልም። እኔ ልይ፣ እርስዎ ያሽከርክሩ። ብቻዬን አልችልም፤ ቅዳሜ ደርሷል።»

በዚያ ቤት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። የግድግዳውን ምስማር አዩ፤ ቢላዋውን አዩ፤ እኔንም አዩኝ።

«አንቺ፣ ይህን ያህል ታወሪያለሽ እንዴ?» አሉ። ቢላዋውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «በይ ፍሙን አራግቢው።»

ቅዳሜ ሰይድ ፍላጻዎቹን ወሰደ። ተመልሶ ሲመጣ ጋሼ ቀድመው፣ «ዛሬስ ጠማቸው?» አሉት።

«ኧረ ጠግበዋል ጋሼ! ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት።»

ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው እኔ በመስኮቱ አይና ዘንጉን ለእሳቸው አቀብላለሁ። በጥፍራቸው ሳያልፍ ከሱቁ የሚወጣ ፍላጻ የለም።

ወደዚህ ሥራ ለሚመጣ የምነግረው ይህን ነው፤ ዘንጉን በዓይንህ ካየኸው በኋላ በጥፍርህም አሽከርክረው። ዓይንህ ደህና ቢሆንም።