ዘይቱኑ መሃል የተነፋው ፊሽካ

ሰመራ ገበያ ዘይቱን ሲገባ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ያገኘዋል። ከወሎ በጭፍራ በኩል የሚመጣው አይሱዙ ጭነቱን አራግፎ ሳይጨርስ ያ ከበድ ያለ ጣፋጭ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፣ እኔን እግሬን ይቀዘቅዘኛል። ባለቤቴ ሁልጊዜ ይስቅብኛል፣ በዚህ ሙቀት እግሯ የሚቀዘቅዝ ሴት ያገባሁ እኔ ብቻ ነኝ ይላል። አልፈርድበትም፣ ያን ቀን እዚያ አልነበረም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አዋሽ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ነበር። አባቴ ሐዲድ ማዞሪያው ላይ ይሠራል። ግቢያችን ማለት ሐዲዱ ነው። ልብስ የሚሰጣው ከሐዲዱ ወዲህ፣ ኳስ የምንጫወተው ከሐዲዱ ወዲያ። ስለዚህ አባዬ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለብሩክ ከፊደል በፊት ያስቆጠረን አንድ ሕግ ነበር። ረጅም ፊሽካ ከሰማችሁ ባላችሁበት ቀጥ በሉ፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ሁለት አጫጭር ፊሽካ ተነፍቶ አረንጓዴው ባንዲራ ሲውለበለብ ብቻ ትንቀሳቀሳላችሁ። ደንግጦ የሚሮጥ ልጅ የሚሮጠው ወደ ባቡሩ ነው ይል ነበር። የጎረቤቶቻችን ፍየሎች ይህን ሕግ ስለማያውቁ ምን እንደሚደርስባቸው በዓይናችን አይተናል።

እኛ ደግሞ ልጆች ነንና ሕጉን ጨዋታ አደረግነው። ፊሽካ ሲነፋ እንዳለን እንደርቃለን፣ ቀድሞ የተነቃነቀ ይሸነፋል። ብሩክ ተሸንፎ አያውቅም። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ፣ ሱሪው ቢወልቅ፣ ያ ጥቁርና ክብ ዓይኑ ብቻ አባዬ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ያን ያህል ትዕግሥት ከየት እንዳመጣ እናቴም ትገረም ነበር።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ፣ አባዬ ተረኛ ባልሆነባቸው እሑዶች ወደ አያ ሰዒድ ዘይቱን ማሳ እንሄዳለን። በጅቡቲ መንገድ ከሚመላለሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች አንዱ በመንገዱ ያደርሰናል፣ አመሻሽ ላይ ሌላው ይመልሰናል። አያ ሰዒድ ከወሎ ወርዶ እትዬ ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት አግብቶ፣ በእሷ ጎሳ መሬት ላይ፣ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ በሚያገኝበት ቦታ ነበር ማሳውን ያለማው። ቤታቸው ከላይ ጉብታው ላይ ነው። ዛፎቹ ከዚያ ተነሥተው በረድፍ በረድፍ እስከ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ።

አያ ሰዒድ ለእንግዳ ፍሬ ለቅሞ አያቀርብም፤ ዛፍ ይሰጣል። እያንዳንዱን ቤተሰብ ከአንድ ዛፍ ሥር አቁሞ «ይቺ ዛሬ የእናንተ ናት፣ ቢስሚላሂ ብላችሁ ጀምሩ» ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ያንን ዛፍ እሱ ራሱ አይነካውም። ጫፍ ላይ ያለው የወፍ ድርሻ ነው፣ ቅርንጫፍ የሰበረ ዛፉን ይቀማል፣ ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል። ለልጆች የሚደርሰን የታችኛው ረድፍ ነበር፤ ዛፎቹ አጫጭር ስለሆኑ እጃችን ይደርሳል። ለአንድ ቀን የዛፍ ባለቤት መሆን ምን እንደሚመስል የዛሬ ልጆች አያውቁትም። እኔ ያኔ ጎንበስ ቀና እያልኩ ዛፌን እዞር የነበረው አሁን በገዛ ቤቴ ውስጥ ከምዞረው በላይ ኮርቼ ነው።

ያ ቀን በደረሰበት ክረምት መጀመሪያ ላይ ስንሄድ አያ ሰዒድ ድምፁ ተዘግቶ አገኘነው። ወንዙ በሞላ ቁጥር ሰውን ከታች ለመጥራት ሲጮህ ጉሮሮው አልቋል። እኛ ዘንድ ደመና ሳይኖር፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አባዬ ይህን ሲሰማ አዘነና ከኪሱ ትርፍ ፊሽካውን አውጥቶ ሰጠው። የጣቢያው ፊሽካ ነው፣ ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። አያ ሰዒድ መረቀው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ፊሽካ ስትሰሙ የያዛችሁትን ጥላችሁ ወደ ቤት ውጡ እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። በሚቀጥለው ጉዟችን ለወላጆቻችንም ነግሯቸዋል። እኔና ብሩክ ግን ያኔ ቁልቁል ወደ ዛፋችን እየሮጥን ነበር። አባዬም እኛን ጠርቶ ለመንገር አላሰበም፤ ፊሽካ ማለት ምን እንደሆነ ለልጆቹ አስቀድሞ የነገረው እሱ ራሱ ነውና።

በዚያው ዕለት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እኔ ዛፉ ላይ ወጥቻለሁ፣ ብሩክ ሥሩ ተቀምጦ የምወረውርለትን ይበላል፣ ጉንጩ ሁሉ ፍሬ ሆኗል። በየዛፎቹ ሥር የሹፌሮችና የጋራዥ ሠራተኞች ልጆች ይንጫጫሉ። ከጣቢያ የመጣነው እኛ ብቻ ነበርን። ላይ ቤት ደግሞ አንድ የአፋር ግመል ጠባቂ ደርሶ ለእትዬ ፋጡማ በወጉ ዳጉ፣ ማለትም በመንገዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራታል። ከነገራት ወሬ መካከል ወንዙ ከላይ ጠቁሮ፣ ዛፍ እየነቀለ እየመጣ መሆኑ ነበረበት። አያ ሰዒድ ሰምቶ አልጨረሰም፣ ፊሽካውን ነፋ።

ረጅም ነበር። ሌሎቹ ልጆች የያዙትን እየጣሉ ሽቅብ ፈረጠጡ። እኔ አንድ እጄ ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ደረቅኩ። ብሩክ ተነሥቶ ቀጥ አለ። ባቡር እዚህ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ፊሽካው የአባዬ ነው፣ ድምፁን ከሌላ መቶ ፊሽካ እለየዋለሁ።

አያ ሰዒድ እንዳልተነቃነቅን ሲያይ አብዝቶ ነፋ። በነፋ ቁጥር እኛ ይበልጥ ደረቅን። መጀመሪያ የመስኖው ቦይ ውስጥ ቡናማ አረፋ መጣ፣ ገለባና ፋንድያ አዝሏል። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ከባድ መኪና አስፋልት ለቆ ጠጠር ላይ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ውሃው የብሩክን ጫማ ሸፈነ። ፈርቼ ነበር፤ ግን የፈራሁት ውሃውን ነው ወይስ መነቃነቁን ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

ላይ ቤት የሆነውን እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ። እሷ ስትጮህ አባዬ ከተጋደመበት ብድግ አለ፣ ቁልቁል አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ገብቶታል። ፊሽካውን ከአያ ሰዒድ አፍ ነጥቆ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ነፋና እየሮጠ ወረደ።

ያን ስሰማ እግሬ ተፈታ። ከዛፉ ዘልዬ ውሃው ውስጥ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ጋ ደርሷል። የብሩክን እጅ ይዤ ጎተትኩት። እሱ ግን ግንዱን በሁለት እጁ አቀፈ።

«ብሩኬ፣ ና እንሂድ። ሁለቴ ተነፋ እኮ።»

«አባዬ ባንዲራ አላሳየም።»

ጎተትኩት፣ ቆነጠጥኩት፣ እየጮኽኩ ለመንኩት። ውሃው ወገቡ ላይ ወጣ። እያለቀሰ ነው፣ ግን እጁን አይለቅም። አባዬ ከቦዩ ማዶ፣ በቤቱ በኩል ያለው የአፈር ግድብ ላይ ደርሶ ይጮሃል፤ አፉ ሲከፈት ይታየኛል፣ ድምፁን ውሃው ይበላዋል። የጫማችን ማሰሪያ ሲላላ ቀድሞ የሚያየው አባቴ፣ እዚያ ቆሞ ባዶ እጁን ያወናጭፋል። ባንዲራው ያለው ጣቢያ ነው።

ሕፃኑ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እትዬ ፋጡማ እየሮጠች እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ አረንጓዴ ባንዲራ አለቻት። እትዬ ፋጡማ ወንድ በተገኘበት ራሷን ገልጣ የማታውቅ ሴት ናት። በዚያች ቀን የለበሰችው ሻሽ አረንጓዴ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከራሷ ላይ ገፍፋ አወጣችውና አባዬ እጅ ውስጥ ከተተችው። አያ ሰዒድ አጠገቧ ቆሟል። እሱም ወዲያው የራሱን ኩታ ሊያለብሳት እየፈታ ነበር።

አባዬ ሻሹን ከፍ አድርጎ አውለበለበው። ጣቢያው ላይ እንደሚያደርገው፣ ሳይቸኩል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። እንዴት እንደቻለ አላውቅም። ብሩክ አየና እጁን ለቀቀ፣ እኔን አምኖ እጄን ያዘ። እየተደናቀፍን፣ ውሃ እየዋጥን ቦዩ ጋ ስንደርስ አባዬ እስከ ደረቱ ገብቶ ጠበቀን፣ አንዳችንን በግራ አንዳችንን በቀኝ አፍሶ አወጣን። ዞር ስንል ዛፌ የቆመችበት ረድፍ ቡናማ ውሃ ብቻ ሆኗል።

አያ ሰዒድ ጎርፍ የወሰደበትን አንድ ረድፍ ሙሉ ዛፍ ትቶ የብሩክን ራስ ይዳብስ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዛፍ ይተከላል ይላል በዚያች በተዘጋች ድምፁ። እትዬ ፋጡማ በባሏ ኩታ ተሸፋፍና የተጨመቀውን ሻሿን ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው። አባዬ ሊያመሰግናት ዝቅ ብሎ መሬቱን ሳመ።

አመሻሽ ላይ የሚመልሰን ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ተቀመጥን። ብሩክ አባዬ ጭን ላይ በሹፌሩ ጃኬት ተጠቅልሎ ነበር፣ የተኛ መስሎን ነበር።

«አባዬ፣ አልተነቃነቅኩም አይደል?» አለ።

አባዬ ጃኬቱን አጥብቆ ጠቀለለለት። «አዎ ልጄ፣ አልተነቃነቅክም» አለውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቤት ስንደርስ ሕጉን ለወጠው፣ ከእንግዲህ ፊሽካ ስትሰሙ መጀመሪያ ዙሪያችሁን ተመልከቱ አለን። ከዚያ በኋላ ያንን እንዳሉ የመድረቅ ጨዋታ አልተጫወትንም።

ያ የድሮ ባቡር መመላለሱን አቆመ፣ አባዬም ካረፈ ቆየ። ብሩክ ዛሬ በዚያው በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ይነዳል፣ ሰርዶ ከተማ ላይ ሻይ ሲጠጣ ይደውልልኛል። እኔ ሰመራ ላይ ልጅ አሳድጋለሁ። ልጄ ና ስለው ለምን ይለኛል፣ ተቀመጥ ስለው ለምን ይለኛል። ባለቤቴ ልጁን አበላሸሽው ብሎ ይቆጣል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ለልጁ ምክንያቱን አስረዳዋለሁ። ጎርፍ ቢመጣ ልጄ ማንንም ሳይጠብቅ ሮጦ ያመልጣል፣ ይህን አውቄ እንቅልፌን እተኛለሁ። እንደ ብሩክ ውሃ ውስጥ ቆሞ የእኔን ምልክት እንዲጠብቅ አልፈልግም፣ እግዚአብሔር ያንን አያሳየኝ። አባዬ ላይ ግን እቀናለሁ፤ ልጁ ለምን ሳይለው ያመነው አባት ነበርና።