የአባቴ ሽብሸባ

አባቴ መሪጌታ ህሩይ ጎንደር ውስጥ አቋቋም ያስተምራሉ። ወጣት ሳሉ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለሱ መኪና ተገልብጦ ቀኝ እግራቸው ተሰብሮ ስለነበር፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ። ደቀ መዛሙርታቸው የስልቱ አካል መስሏቸው እነሱም ዘንበል ይላሉ፤ ይህን ለአባቴ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በፊልም ትምህርት ቤት የአኒሜሽን መምህራችን «ከምታውቁት ሰው እንቅስቃሴ ተነሡ፤ ከዚያም አጋንኑት» ሲሉን፣ የክፍሉ አንደኛ ነኝና ከሁሉ የላቀ ሥራ ለማቅረብ ቆረጥኩ። አባቴን ሳላስፈቅድ በስልኬ ቀረጽኳቸው። ምስል በምስል እየሣልኩም ዘንበል ማለታቸውን አበዛሁት፤ የሣልኩት ሽማግሌ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት የሚተርፍ ሆነ።

ሥራችን በታየበት ቀን አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጡት አባቴም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሸጋ ነው! ምነው ግን እኒህ አያ? ጠላ ቀምሰው ነው ማኅሌት የገቡት?» አሉኝ።

ከራሴ የፈጠርኩት ነው ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያየሁትን እንዴት አድርጌ እንደሣልኩ እንዲያደንቁልኝ ፈለግሁ።

«እርስዎ እኮ ነዎት፣ አባባ።»

ሳቃቸው ተቋረጠ። «እንዲህ ነኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲህ ማኅሌት ይቆማሉ እንጂ አያሸበሽቡም። ስጠይቃቸው «ደክሞኝ ነው» ይሉኛል። ፊልሙ አዲስ አበባ ለሚካሄድ ውድድር ታጭቷል። ላስቀረው እችላለሁ፤ እስካሁን ግን አላስቀረሁትም።