ለሳሮን ብዬ የወሰድኩት ሥልጠና

ጅማ አጠገብ ካለችው ከተማችን ከየቡ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ዝናብ ይጥላል። አባቴ ለቡና ለቀማ ከሃዲያ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ሲነሳ ፊቱን ወደ ቡናው አዞረ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ "ነጋን ገሊ" ብላ መረቀችኝ፤ በሰላም ተመለሽ ማለቷ ነው። እናቴ በመስኮት እጇን ጭናብኝ ስትጸልይ ሹፌሩ "እማማ፣ በቃ አሜን ይበሉ፣ ጅማ ሳንደርስ መሸብን!" አላት። አሜን አልንና ሄድኩ።

ለምን እንደወጣሁ ልንገራችሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስንፈተን ከትምህርት ቤታችን ያለፈ የለም። የፊዚክስ መምህራችን ለቆ ከሄደ በኋላ የተተካ ሰው አልነበረም፤ በምን እንለፍ? ታናሽ እህቴ ሳሮን ግን ጎበዝ ናት። እሷ እንኳ ትማር ብዬ፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱ የሚሰጠውን የቤት አያያዝ ሥልጠና ጅማ ገባሁ።

ማሠልጠኛው የነበረው አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። በእኛ ጊዜ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ከረመ። አሠልጣኛችን ደግ ሴት ነች፤ ምን ታድርግ? "መብራት እንዳለ ቁጠሩት" ትለናለች። "ቁልፉን ተጫንን። ውሃ ሞላ። ዞረ። አለቀ።" እኛ በሳቅ ፍርስ። እንዲህ ተምሬ ብቁ ነሽ ተባልኩ።

ዮርዳኖስ አገር፣ ዓማን ስደርስ ሳቁ አለቀ። የማዳምን ነጭ አንሶላ ከቀይ ፎጣ ጋር ከትቼ ሮዝ አድርጌ አወጣሁላት።

"ሸሃዳ አለሽ አይደል?" አለችኝ፣ የምስክር ወረቀቱን ማለቷ ነው።

"አለኝ፣ ማዳም።"

"ታዲያ ምን ተማርሽ?"

በተሰባበረ ዓረብኛዬ "ማሽኑን አውቀዋለሁ፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም" አልኳት። ባሏ ከሳሎን ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ላስቀጠረኝ ቢሮ ደወለች። ሰውዬው በስልክ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የተማርሽውን እርሺና ሥሪ!"

ረሳሁት። አሁን ሥራውን ሁሉ እችላለሁ። ብርዱን ነው ያልቻልኩት። የጅማ ዝናብ ልብስ ቢያበሰብስ ነው፣ አጥንት አይገባም፤ እዚህ በረዶ በረንዳ ላይ ይከመራል፣ ጠራጊዋም እኔው ነኝ። አቮካዶ ማዳም አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ እኛ ሰፈር ከዛፍ ወድቆ ከብት የሚረግጠውን።

ሳሮን አለፈች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ገብታ ምህንድስና ተማረች። የምረቃዋን ቪዲዮ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አየሁት፤ እልል ማለት ስለማልችል ሻሼን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ሆነ። የሄደችበት ሁሉ "ልምድ አለሽ?" ይሏታል። ሳይቀጥሯት ልምዱን ከየት ታምጣ?

ባለፈው ዓርብ ደወለች።

"እትዬ፣ ሥልጠና ጀመርኩ።"

"ጎሽ! የምን? የኮምፒውተር?"

"የቤት አያያዝ።"

እሷ እየሳቀች ቀጠለች። "ሕፃን ማጠብ በአሻንጉሊት ተለማመድን። ከክፍሉ እኔን የሚያህል የለም አሉ።"

"ሳሮንዬ፣ ተይ።"

"እሺ፣ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ።"

ታገሺ፣ ሥራ ታገኛለሽ ልበላት? በምን አውቄ? "እማዬን ስጪኝ" አልኳት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። "ልጄ፣ አንቺ ካለሽበት ቤት አጠገብ ያስገቧት እንደሆነ ጠይቂልኝ። አንድ ላይ ከሆናችሁ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ማዳም ከኩሽና ተጣራች።

"እሺ እማዬ፣ እጠይቃለሁ" ብዬ ዘጋሁ። እስካሁን አልጠየቅኩም። ሳሮንንም አትምጪ አላልኳትም።